ከባሕር ማሽላው የወጣችው ቢራቢሮ

ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ቁርጡን የሚያውቅ ሰው ባይኖርም እናቴ ዕድሜዬን የምትለካበት የራሷ መስፈሪያ ነበራት፤ የጎተራችን አፍ። «በዚህ እስከገባሽ ድረስ ልጅ ነሽ። ትከሻሽ የያዘሽ ዕለት ለባል ደርሰሻል» ትለኝ ነበር። በዚያ ዓመት ትከሻዬ አልያዘኝም። እንደ ድመት ሹልክ ብዬ እገባ ነበር።

ቤታችን ከአዘዞ ወደ ጠዳ ሲወርዱ ከመንገዱ ገባ ብሎ ነው። ጎተራው ከጓሮ በድንጋይ ላይ ቆሞ፣ በጭቃና በእበት ተመርጎ፣ የሣር ክዳን ደፍቶ ይታያል። እህሉ ሲጎድል የትልቅ ሰው እጅ ስለማይደርስበት እኔ ከላይ በአፉ እገባና በቅል እየቀዳሁ አቀብላለሁ። ሌላ ሰው ከእናቴ ፈቃድ ውጭ ክዳኑን አይነካም። አባቴ ከሞተ ወዲህ እርሻው የወንድሜ ሲሆን ጎተራው የእናቴ ሆኖ ቀርቷል። ወንድ ልጅ ጎተራ አፍ ላይ አይቆምም፤ ምን ያህል እንደገባና ምን ያህል እንደቀረ የምታውቀው የቤቱ እመቤት ናት። በመንደሩ ውስጥ እናቴን «እጇ በረከት አለው» ይሏታል። ባል የሌላት ሴት ሆና በማኅበር ላይ ከፍ ብላ የምትቀመጠውም በዚህ ነበር። ርስቷ ጠባብ፣ ከብቷ ሁለት ሆኖ ሳለ ጎተራዋ ነሐሴን በእህል ይሻገራል ይባላል።

ወንድሜ ሚስት ያገባው በዚያው ዓመት በጥር ነው። ልጅቱን ያመጧት ከደጋው፣ ከወገራ ነበር። አሥራ አራት ዓመት ቢሆናት ነው፤ ጉንጯ በብርድ ተልጦ ቀይ ሆኖ ነበር። ሙሽራ የባሏን ዘመድ በስሙ አትጠራምና ለእኔ «ሆዴ» የሚል ስም አወጣችልኝ። እኔም «እቴ» እላታለሁ። ወፍጮው ላይ አጎንብሳ ስትፈጭ አጠገቧ ተቀምጬ እንቆቅልሽ እንባባላለን። ባላወቅሁ ቁጥር አገር ስጪኝ ትለኛለች፤ እኔም ጎንደርን፣ ደብረ ታቦርን፣ ጣና ማዶን ሁሉ ሰጥቻት ጨርሼ ነበር። «እንግዲህ ጠዳን ስጪኝና ልታረቅሽ» ብላ ትስቃለች። እናቴ ከውጭ ሆና «ዱቄቱ በሳቅ አይደቅም» ትላለች።

በዚያው ዓመት በቆላው አንበጣ ወርዶ ነበርና ከባሕር ማዶ የተላከ እህል በምጽዋ በኩል በማኪና እየተጫነ ይመጣ ነበር። ወንድሜ ከፋሲካ በኋላ አዘዞ ሄዶ ጆንያ ሲያራግፍ ሰነበተና ለድካሙ አንድ ጆንያ ተሰጥቶት በአህያ ጭኖ መጣ። ውስጡ የባሕር ማሽላ ነው፤ በሌላ አገር በቆሎ የሚሉት። የእኛ አገሩ ትንሽና ቀላ ያለ ነው። ይህ ግን ነጭ ነው፤ እያንዳንዱ ፍሬ የፈረስ ጥርስ ያህላል።

እናቴ አንዱን ፍሬ መዳፏ ላይ አገላብጣ አየችው።

«ምነው ይኼን ያህል? ምን እያበሉ ቢያሳድጉት ነው?»

«እኔ ምን አውቄ» አለ ወንድሜ። «በመርከብ ሲመጣ ውሃ ጠጥቶ ይሆናል።»

በቤታችን ወግ ከውጭ የገባ እህል ሳይበላ አስቀድሞ አንድ ቁና ከጎተራው ላይ ይጨመራል። እህል እህልን ይጠራዋል፤ እንግዳው ከነባሩ ጋር ካደረ ሁለቱም ይበረክታሉ ተብሎ ነው። እናቴ በስመ ሥላሴ ብላ አንድ ቁና ሰፈረችና በአፉ አፈሰሰችው። እኔ ውስጥ ሆኜ በሁለት እጄ ከነባሩ ማሽላ ጋር እያገላበጥኩ አደባለቅሁት። ሙሽራዋ ከታች ቆማ ክዳኑን ይዛ ነበር። ከዚያ በኋላ እናቴ ለአሥራ አንዱ የማርያም ማኅበርተኞቿ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ እፍኝ ቋጥራ በየቤታቸው ራሷ ዞራ አደለች። «ከጎተራችሁ ጨምሩት፤ የሩቅ አገር በረከት ነው» እያለች። ሴቶቹ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ተቀበሏት። አንድ ደስ ያላት ጊዜ ቢኖር ያ ቀን ነው፤ ስትመለስ ነጠላዋ ከትከሻዋ ወርዶ ሳታነሣው ነበር የመጣችው።

ጆንያው የጥጥ ነበርና ታጥቦ ለእኔ ቀሚስ ተሰፋልኝ። ጀርባዬ ላይ ቀይ የፈረንጅ ፊደል ነበረበት፤ በአመድ ቢታሽ አልለቅ አለ። ልጆቹ ባዩኝ ቁጥር «ማኪናው መጣ፣ ጆንያዋን አራግፏት» እያሉ ያሳድዱኝ ነበር። አልቅሼ ስገባ ሙሽራዋ ልታባብለኝ ብላ ከባሕር ማሽላው ትልልቁን መርጣ፣ በወስፌ እየበሳች፣ በክር ላይ የአንገት ዶቃ መሥራት አስተማረችኝ። አንድ ለእኔ ሠራች። ሌላውን እኔ ሠርቼ ለእሷ ሰጠኋት። የእኔው በሁለተኛው ቀን ተበጠሰ። እሷ ግን የእኔን ስጦታ ከቀሚሷ ሥር ከአንገቷ አላወለቀችም።

በግንቦት ሙቀቱ ሲበረታ ቢራቢሮዎቹ መጡ።

መጀመሪያ ያየኋቸው እኔ ነኝ፤ ከእኔ በቀር ጎተራ ውስጥ የሚገባ የለማ። እግሬን ሳሳርፍ ከእህሉ ላይ ብን ብለው ተነሡ። ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጡም። መልካቸው የገብስ ገለባ ይመስላል፤ የክንፋቸው ጫፍ እንደ ነጠላ ዘርፍ ዘርዘር ያለ ነው። የዓይኔ ሽፋሽፍት ላይ ብናኛቸው ይቀር ነበር። ደስ አሉኝ። በአፌ እፍ ብዬ ሳስነሣቸው፣ እስኪያርፉ ስጠብቅ፣ ስንቴ እናቴ ከውጭ «እዚያው ልትወልጂ ነው?» ብላ ጠራችኝ መሰላችሁ።

ስነግራት ራሷ ክዳኑን ከፍታ አየች። ለረጅም ጊዜ አየች።

«ነቀዝ ነው?» አላት ወንድሜ ከሩቅ።

«ነቀዝ ጥቁር ነው፤ በምድር ይሄዳል፤ ዱቄት ያዝረከርካል» አለች። «ዱቄት የታለ? ይቺ ነጭ ናት። ነጭ ነገር ከእህል ላይ ሲነሣ ክፉ ሆኖ አያውቅም። የእህሉ አድባር ናት፤ ያ እንግዳው እህል ነው ያመጣት። አንዷንም እንዳትገድሉ።»

አትፍረዱባት፤ ነቀዝን እንጂ ይህችን ፍጥረት በአገራችን ያየ ሰው አልነበረም። ማኅበርተኞቿን ጠርታ አሳየቻቸው። እነሱም በየጎተራቸው አንድ ሁለት ብቅ ማለቷን ተናገሩ። የእኛ ከሁሉ በዝታ ስለነበር እናቴ ደስታዋ እጥፍ ሆነ። ማታ ማታ ኩራዙ ላይ እየወደቁ ሲቃጠሉ እንኳ በጣቷ እያነሣች ወደ ውጭ ትለቃቸዋለች።

ሙሽራዋ ግን ወፍጮው ላይ ናትና እጇ ነገራት።

«እማማ፣ እህሉ ቀሏል» አለቻት አንድ ቀን።

«የቀለለው እጅሽ ነው።»

«ቁናው ይሞላል፤ ዱቄቱ ግን ለግማሽ ቁና አይሆንም። በእኛ አገር እህል ሲታመም ጎተራውን ገልብጠን ከፀሐይ እናሰጣዋለን። ክረምቱ ሳይገባ ብናወጣው...»

«በእናንተ አገር ከብርድ በቀር ጎተራ የሚሞላ ነገር አለ?» አለች እናቴ። «የበረከት ጎተራ አይገለበጥም። ወለሉ ከታየ ዓመቱ አይደርስም። ይኼን እናትሽ አልነገረችሽም?»

ልጅቱ ወደ ወፍጮዋ አጎነበሰች። እናቷ በሕፃንነቷ ነው የሞተችው፤ እናቴም ይኼን ታውቃለች።

ሰኔ በገባ በሳምንቱ ይመስለኛል፣ ሙሽራዋ እየፈጨች ሳለ «ሆዴ፣ አንገቴን አንዳች ነገር ኮረኮረኝ» አለችና ያቺን የባሕር ማሽላ ዶቃ አወለቀች። ከፍሬዎቹ በአንዱ ላይ ክብ ነገር ይታያል፤ የሽንኩርት ልጣጭ የመሰለች ስስ መስኮት። ዓይናችን እያየ መስኮቷ ከውስጥ ተገፋችና ተከፈተች። አንዲት ቢራቢሮ፣ ክንፏ ተጨማዶ፣ ወጥታ በእቴ ጣት ላይ ሄደች። እቴ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ያንን ፍሬ በጥርሷ ሰበረችው። ባዶ ነው። ቀጥላ ሌላ ሰበረች። ውስጡ ጭንቅላቱ ቡኒ የሆነ ነጭ ትል ተጠቅልሎ ተኝቷል።

ሳቋን አቆመች። «እዚያ ጎተራ ውስጥ ያሉት ሁሉ በዚህ ዓይነት ነው የሚወጡት?» አለችኝ። ስለ ቢራቢሮዎቹ የጠየቀችኝ እኔን ነው፤ የማውቃቸው እኔ ነኝና። ዶቃውን ከእጇ ወሰድኩ። የመጀመሪያውን ወሬ ልናገር ብዬ ወደ እናቴ ሮጥኩ። የምመሰገን መስሎኝ ነበር።

እናቴ ዶቃውን ተቀብላ አንዱን ፍሬ በአውራ ጣቷ ጥፍር ፈለቀቀችው። ትሉን አየችው። ከዚያ ቀና ብላ የጎረቤቶቻችንን ጣራ አንድ በአንድ አየች፤ እፍኝ እፍኝ የዞረችባቸውን ቤቶች።

«ማን አየ?»

«እኔና እቴ።»

በጥፊ መታችኝ። ከፊት ጥርሶቼ አንዱ ሊወልቅ የተቃረበ ነበርና እዚያው ወለቀ። ጥርሱን ከመሬት አንሥታ እጄ ላይ አደረገችልኝ።

«አላያችሁም» አለችኝ በለሆሳስ። «ይኼን ለማንም አልሽ ማለት እናትሽን ከማኅበር አስወጣሽ ማለት ነው።»

ዶቃውን መልሼ ለእቴ እንድሰጣትም አዘዘችኝ። ለምን እንዳላቃጠለችው ዛሬም አላውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሴቶቹን ወደ ጎተራው አልጋበዘችም። በሰኔ መጨረሻ የሙሽራዋ አባት ከወገራ ቅቤና ማር ጭኖ ልጁን ሊያይ መጣ። እናቴ ሸጋ አድርጋ አስተናገደችው። ሲመለስ አህያዋ ባዶዋን እንዳትሄድ ብላ ከጎተራው አንድ ስልቻ ማሽላ አስቀዳችኝና አፉን በራሷ እጅ አስራ፣ በራሷ ጠፍር ጫነችለት። መንደሩም ሲያልፍ አየው። እሱም በየደጁ «እግዜር ይስጣት፣ ሸጋ ሴት ናት» እያለ ሄደ።

ክረምቱ ከፋ። ዝናቡ አላቋርጥ አለ፤ ፀሐይ የሚባል ጠፋ። ጎተራው ውስጥ ስገባ እህሉ ይሞቅ ነበር፤ የታመመ ሰው ገላ እንደመንካት። እግሬ ሥር እንደ ገለባ ይንኮሻኮሻል። ያም ሆኖ ዳር እስከ ዳር ሙሉ ነው። ፍሬው ውጪውን ሳይነካ ውስጡ ብቻ ተበልቶ ሲያልቅ መጉደሉ አይታወቅም።

የማኅበሩ ተራ ለእናቴ የደረሳት በነሐሴ ማርያም ነው። ተራ ይለፈኝ አይባልም። ሙሽራዋ ስትፈጭ፣ ስትጋግር፣ ስትጠምቅ ሦስት ቀን አልተኛችም። ዱቄቱ ድር ድር ይል ነበር፤ ብትነፋውም አልጠራ አለ። እንጀራው ሲነሣ ይበጣጠሳል። ጠላው አልፈላ አለ።

ሴቶቹ መጡ፤ የሁሉም የንስሐ አባት የሆኑት ቄስም መጡ። ጽዋው በመካከል ተቀመጠ፣ ጸሎት ደረሰ፣ ሙሽራዋ እንስራውን ይዛ ትቀዳ ጀመር። ከጎረቤቶቻችን አንዲት ምላሷ ወስፌ የሆነ ሴት ነበረች። ቀምሳ ዋንጫውን መሬት ላይ አደረገችው።

«ለመሆኑ ይኼን የጠመቀችው ሰው ናት ወይስ ዝናቡ ራሱ?»

ሳቁ። እናቴም አብራ ሳቀች። ሴትዮዋ ግን አላቆመችም።

«ሳቁ ይቅር። የእኔም ቤት እህል ሳይጎድል አልቋል። ጎተራዬ ሙሉ ነው፤ ልጆቼ ግን አይጠግቡም። መቼ ጀመረ ብዬ ሳስብ፣ ያቺ የሰጠሽኝ እፍኝ ከገባች ወዲህ ነው።»

አንዷ ወደ ሌላዋ ዞረች። ሌላዋ አንገቷን ነቀነቀች። አሥራ አንድ ሴቶች በየልባቸው የየጎተራቸውን አፍ ሲከፍቱ ይታየኝ ነበር።

እናቴ ተነሣች። ለእኔ «አንድ ቁና ቀድተሽ አምጪ» አለችኝ። በዝናብ ወጥቼ፣ ገብቼ፣ ቀድቼ መጣሁ። በገበታ ውሃ አስመጣችና እህሉን ገለበጠችበት። ሁሉም ከላይ ተንሳፈፈ።

«አያችሁት» አለች። «እኔ ዝም ብዬ ነው እንጂ ካወቅሁ ቆይቻለሁ። ይኼ እህል አይደለም፤ ግርድ ነው። ፍሬዬ ወጥቶ ግርድ ተሞልቶበታል። በሰኔ አባቷ አህያ ይዞ መጥቶ ነበር። ጭኖ ሲሄድ ሁላችሁ አይታችኋል።»

አይተዋል። ዓይናቸው ሁሉ ወደ ሙሽራዋ ሄደ። እሷ እንስራውን እንደያዘች ቆማለች። ቀስ ብላ አስቀመጠችው።

«እማማ፣ በራስዎ እጅ ነው የጫኑለት።»

«አንድ ስልቻ ጫንኩለት። የቀረውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

«እህሉን የበላችው ቢራቢሮዋ ናት» አለች ሙሽራዋ። «ከፍሬው ውስጥ ስትወጣ አይተናል።»

ያ ሁሉ ፍርሃት ወደ ሳቅ ዞረ። «ቢራቢሮ ከመቼ ወዲህ ጥርስ አበቀለች?» አለች አንዷ። «የወገራ ቢራቢሮ ትሆናለች፤ እዚያ የሚበላ አጥታ» አለች ሌላዋ። ያቺ ምላሰኛዋም ሳቀች፤ ከሁሉም በላይ የሳቀችው እሷ ናት። ሌባ ከተገኘ የእሷን ቤት ነገር ማንም አያነሣው።

«ሆዴ አብራኝ አይታለች» አለች ሙሽራዋ። «ጎተራው ውስጥ የምትገባውም እሷ ናት። ግርድ መግባት አለመግባቱን እሷ ትናገር።»

ቄሱ ደግ ሰው ነበሩ። ጠሩኝና ጽዋው አጠገብ አቆሙኝ።

«ልጄ፣ የማርያም ጽዋ ፊት ነው የቆምሽው። ከፍሬ ውስጥ ቢራቢሮ ሲወጣ አይተሻል?»

እናቴ ወደ እኔ አላየችም። ጽዋው የተሸፈነበትን ጨርቅ ጫፍ ታስተካክላለች። ብትቆጣኝ ኖሮ ምናልባት እልኸኛ እሆን ነበር። ሙሽራዋ ፈገግ ብላ ታየኛለች። እርግጠኛ ናት። እንቆቅልሽ ጠይቃኝ መልሱን እንደማውቅ ስታውቅ የምታየኝ አስተያየት ነው።

«አላየሁም» አልኩ።

እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ፍርሃት ነው እል ነበር። ሴቶቹ አንገታቸውን ሲነቀንቁ፣ እናቴም ቀና ብላ ስታየኝ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ ጨመርኩ፦ «እቴን ግን ጎተራው ሥር ስትቆም አይቻታለሁ።»

ሙሽራዋ እንስራውን አንሥታ ካቆመችበት ቀጠለች። ያቺን ምላሰኛ ሴት ቀዳችላት፤ ቀጥሎ ያለችውን ቀዳች፤ እስከ መጨረሻዋ ዞረች። ሁሉም ከእጇ ተቀብለው ጠጡ። ጠጥተው ሲጨርሱ ወደ አባቷ ትመለስ ብለው ፈረዱባት። ቄሱም መስቀላቸውን አንሥተው፣ የወሰደ፣ ያስወሰደ፣ አይቶም የሸሸገ የተገዘተ ይሁን አሉ። ሁሉም አሜን አሉ። እናቴ አሜን አለች። እኔም አልኩ፤ ከሁሉ የእኔ ድምፅ በለጠ።

በማግስቱ ጠዋት ልጅቱ ይዛ የመጣችውን ጨርቋን ቋጥራ ስትወጣ እናቴ በሩ ላይ አስፈታቻት። አንድ ቀሚስ፣ አንድ ነጠላ፣ ማበጠሪያ። ቀጥላ አንገቷን ነካችና ያቺን ዶቃ አገኘቻት።

«ይኼም የቤቴ እህል ነው» ብላ በጥሳ ለዶሮዎቹ በተነችው። አንዲት ቢራቢሮ ከመካከላቸው ተነሥታ በዝናቡ ሥር ወደ ግድግዳው ሄደች። ዶቃውን የሠራሁት እኔ እንደሆንኩ እናቴ ታውቃለች፤ ሙሽራዋም ታውቃለች።

ወንድሜ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እግር እግሩን ሲያይ ነበር። ይወዳት ነበር ይሉኛል፤ ይሆናል። በዚያ ሙላት የመገጭን ወንዝ በገመድ አሻግሮ ይዟት ሄደና በሁለተኛው ቀን ብቻውን ተመለሰ።

«አደረስካት?» አለችው እናቴ።

«እስከ ወለቃ። ከዚያ ወደ ዳባት የሚወጣ የጭነት ማኪና ላይ አሳፈርኳት።»

«ምን አለች?»

«ምንም። መንገድ ዳር የተደረደረውን ሸክላ ስታይ ቆየች።»

ከመስቀል በኋላ በመንደራችን ጎተራው ያልቀለለበት ቤት አልነበረም። እፍኟ የደረሰቻቸው ቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ከእነሱ ዘር የተበደሩ፣ ከእነሱ ልጅ የዳሩ፣ ለቤተ ክርስቲያን የሰጡ ሁሉ። ቢራቢሮዋ ከቤት ቤት በስጦታ ትሄድ ነበር። እኛም ያ መከር እስኪደርስ ባቄላ ቆርጥመን፣ ሳማ ቀቅለን ነው የከረምነው። አንዲት የደጋ ልጅ በአንዲት አህያ የመንደሩን ጎተራ ሁሉ ልታራግፍ እንደማትችል ያልገባው ሰው አልነበረም። ሴቶቹ ግን እኛ ቤት ሲመጡ ስለ ዝናቡ ይናገራሉ። ያቺ ምላሰኛም ስለ ዝናቡ ነበር የምትናገረው።

በኋላ፣ እኔ ልጆች ከወለድኩ በኋላ፣ ጠዳ ገበያ አንድ የእርሻ ትምህርት የተማረ ሰው መጥቶ ስለዚች ቢራቢሮ አስረድቶን ነበር። የዚህ አገር እንዳልሆነች፣ በጆንያ ውስጥ ባሕር ተሻግራ የማኪና መንገዱን ይዛ እንደተዛመተች ነገረን። መድኃኒቷ ጎተራውን እስከ ወለሉ ገልብጦ እህሉን ከፀሐይ ማስጣት ነው አለ። ስሟንም ነግሮን ነበር፤ ምላሳችን አልያዘውም።

ያኔ፣ ልጅቱ በተመለሰች በሁለተኛው ወር፣ በጥቅምት የሙሽራዋ አባት ሦስት ሽማግሌዎች ላከ። ያችን የሰኔዋን ስልቻ ይዘው ነበር የመጡት፤ እንደታሰረች። እንግዳ ሲመጣ እንፈታታለን ብለው ምድጃው አጠገብ ሰቅለዋት ከርማ፣ ልጅቱ ስትመለስ አባትየው አንድ ፍሬ ሳይቀምስ ቋጠሮው እንዳይነካ አዝዞ ነበር። ቋጠሮው የእናቴ ነበር፤ እሷ እንደምታስረው ሌላ ሰው አያስርም። ሽማግሌዎቹ በእኛ ወገን ሽማግሌዎች ፊት፣ በደጃችን፣ ፈቱት። ቢራቢሮዎቹ ብን ብለው ወጡ።

ከመጡት አንዱ ሽማግሌ ወደ እናቴ ዞሮ «እንግዲህ እመቤቴ፣ የልጅቱ ቃል እውነት ነበር። ስሟን ይመልሱላት፤ ሌላ አልጠየቅንም» አለ።

የእኛዎቹ ሽማግሌዎች እናቴን አዩ። እናቴ ስልቻውን አየችው።

«የእኔ እህል ከእነሱ ቤት ተገኘ» አለች። «ከዚህ የበለጠ ምን ምስክር አለ?»

የእኛዎቹ ሽማግሌዎች አቀረቀሩ። እኔ በጆንያ ቀሚሴ በሩን ተደግፌ ቆሜ ነበር። አሁንም ማንም አልጠየቀኝም፤ አሁንም እናገር ነበር ብዬ አልምልም። ሽማግሌዎቹ ውሃ እንኳ ሳይጠጡ ሄዱ።

ልጅቱ ሳታገባ አባቷ ቤት እንደቀረች የሰማሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። ሌባ ተብላ የተመለሰችን ሴት በወገራ ማን ያገባል።

ሽማግሌዎቹ በሄዱ በሦስተኛው ወር፣ በጥር፣ እናቴ ለወንድሜ ሌላ ሚስት አመጣችለት፤ ከጠዳ ማዶ፣ ከቅርብ። አዲሷ ሙሽራ ከጫጉላ በወጣች በሳምንቱ እናቴ እጇን ይዛ ወደ ጎተራው ወሰደቻት። አዲሱ ማሽላ ገብቶ ነበር። እኔ ቁናውን ይዤ ተከተልኳቸው። እናቴ ክዳኑን ከፍታ አሳየቻትና «በጋውን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሁሉንም አውጥተሽ ከፀሐይ ታሰጪዋለሽ፤ ወለሉ እስኪታይ» አለቻት። «ነጭ ቢራቢሮ ያየሽ እንደሆን ለማንም ሳትናገሪ መጥተሽ ለእኔ ንገሪኝ።»